ኒኮላይ አኒችኮቭ

ኒኮላይ ኒኮላዬቪች አኒችኮቭ (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1885 – ዲሴምበር 7 ቀን 1964) ሩሲያዊ፣ በኋላም የሶቪየት ኅብረት ሐኪምና የፓቶሎጂ ተመራማሪ ነበር። ኮሌስትሮል የበሉ ጥንቸሎች ደም ወሳጅ ቧንቧ (አርተሪ) እንደሚታመም በማሳየቱ ይታወቃል። ይህ በሽታ አተሮስክለሮሲስ ይባላል። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ፕላክ የሚባል ስብ ያዘለ እብጠት ሲያድግ የደሙ መንገድ ይጠባል፤ ፕላኩ ሲቀደድ ደግሞ ድንገተኛ የልብና የአንጎል ምትን ያመጣል። የአኒችኮቭ ስም ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ኮሌስትሮል ብቻ ነው። ነገር ግን በፕላኩ ውስጥ የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት መኖራቸውን በግልጽ ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነበር። ይህ የሥራው ክፍል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተዘንግቶ ቆይቷል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

አኒችኮቭ የተወለደው በወቅቱ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ዋና ከተማ በነበረችው በሴንት ፒተርስበርግ ነው። ቤተሰቡ ከመኳንንት ወገን ሲሆን፣ አባቱ የሕዝብ ትምህርት ምክትል ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነበር። በ1903 በከተማዋ ወደሚገኘው የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሠራዊት የሕክምና አካዳሚ ገብቶ በ1909 ተመረቀ።

አካዳሚው በዚያን ዘመን ትልልቅ ስሞች የሚያስተምሩበት ቦታ ነበር። ኢቫን ፓቭሎቭ ፊዚዮሎጂን ያስተምር ነበር። ለአኒችኮቭ የኋላ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕዋሳትንና የሕብረ ሕዋሳትን አሠራር ያስተምር የነበረው አሌክሳንደር ማክሲሞቭ ነው። ማክሲሞቭ ሰውነት ሲቆስል ወይም ሲያብጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር ወጥተው ወደ ተጎዳው ሥጋ እንዴት እንደሚገቡና እዚያ እንዴት መልካቸውን እንደሚለውጡ ያጠና ነበር። ስለዚህ ከዚያ አካዳሚ የወጣ ወጣት ሐኪም በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ትኩረቱ በሕዋሳት ላይ ቢያርፍ አያስገርምም።

በልብ ውስጥ የታዩ ሕዋሳት

አኒችኮቭ በ1912 ለዶክትሬት ያቀረበው ጥናት ስለ ልብ ጡንቻ ብግነት ነበር። ብግነት ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም የሚሰጠው የመቅላት፣ የማበጥና የሕዋሳት መሰብሰብ ምላሽ ነው። በዚህ ጥናት ያገኛቸው ሕዋሳት ረጅም ኒውክለስ አላቸው፤ በኒውክለሱ መሀል ያለው ጥቁር ክር ዙሪያውን እግር ያወጣ አባጨጓሬ ይመስላል። ዛሬም በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የአኒችኮቭ ሕዋሳት ይባላሉ።

እነዚህ ሕዋሳት በተለይ የሚታዩት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። በሽታው በበለጸጉ አገሮች እየጠፋ ቢሄድም በኢትዮጵያ ግን አሁንም የብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የልብ በሮች የሚያበላሽ ስለሆነ፣ የአገራችን የሕክምና ተማሪዎች የአኒችኮቭን ስም መጀመሪያ የሚያገኙት ምናልባት በዚህ በኩል ይሆናል። አኒችኮቭ ራሱ ሕዋሳቱን ከጡንቻ ወገን ቆጥሯቸው ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከማክሮፌጅ ወገን ይመድቧቸዋል። ማክሮፌጅ ማለት ጀርምን፣ የሞቱ ሕዋሳትንና ቆሻሻን እየዋጠ የሚያጸዳ በላተኛ የበሽታ መከላከያ ሕዋስ ነው።

ከሥጋ ወደ እንቁላል አስኳል

በደም ወሳጅ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገንፎ የመሰለ ነገር እንደሚጠራቀም አስከሬን የሚመረምሩ ሐኪሞች ከጥንት ያውቁ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሁለት ታላላቅ የፓቶሎጂ ሊቃውንት በመነሻው ላይ ተከራከሩ። የቪየናው ካርል ሮኪታንስኪ ነገሩ ከደም ወጥቶ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ዝቃጭ ነው አለ። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርሾ ደግሞ የግድግዳው የራሱ ብግነት ነው ብሎ ተቃወመ። አተሮስክለሮሲስ የሚለውን ስም በ1904 ያወጣው ሌላው ጀርመናዊ ፌሊክስ ማርሻን ነው። ስሙ ገንፎና መጠንከር ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አብዛኛው ሐኪም በሽታውን የእርጅና ዕጣ አድርጎ ያየው ነበር፤ ሰው ሲያረጅ ጸጉሩ እንደሚሸብት ሁሉ ቧንቧውም ይደርቃል ይባል ነበር። በፓሪስ ይሠራ የነበረው ኢሊያ ሜችኒኮቭ ግን እርጅናም መንስኤ አለው ብሎ ያምን ነበር። ሜችኒኮቭ በላተኛ ሕዋሳትን በማግኘቱ በ1908 የኖቤል ሽልማት ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የተካፈለ ሰው ነው። እርጅናን የሚያፋጥነው ከምግብ የሚመጣ መርዝ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ሐሳቡ በሩሲያ ብዙ ወጣት ተመራማሪዎችን አነሳሳ።

ከእነዚህ አንዱ አሌክሳንደር ኢግናቶቭስኪ ነው። በ1908 ለጥንቸሎች ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲመግብ የአኦርታቸው (ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ) ግድግዳ በስብ ተጎዳ። እርሱ ጥፋተኛው የእንስሳት ፕሮቲን ነው ብሎ ደመደመ። በዚያው ከተማ ኒኮላይ ስቱኬይ የተባለ ተመራማሪ ምግቦቹን እየለያየ ሲሞክር ጉዳቱን ያመጣው ሥጋው ሳይሆን በተለይ የእንቁላል አስኳል ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ፕሮቲን ነው የሚለው ሐሳብ ወደቀ። ቀሪው ጥያቄ በአስኳሉ ውስጥ ካሉት ብዙ ነገሮች ጎጂው የትኛው ነው የሚል ነበር።

የ1913ቱ ሙከራ

አኒችኮቭ ይህን ጥያቄ ከሴምዮን ኻላቶቭ ጋር ያዘው። ኻላቶቭ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር። ሁለቱ ከእንቁላል አስኳል የተጣራ ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟሙተው ለጥንቸሎች ሰጡ። ለማነጻጸሪያ የተለዩት ጥንቸሎች የተሰጣቸው ያው የሱፍ ዘይት ብቻ ነበር። ዘይቱን ብቻ የበሉት ጤነኛ ሆነው ቆዩ። ኮሌስትሮል የበሉት ግን በደማቸው ውስጥ ኮሌስትሮል በዛ፤ ሳምንታትና ወራት ሲያልፉም በአኦርታቸው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢጫ መስመሮችና እብጠቶች ታዩ። ውጤቱ በ1913 በጀርመንኛ ታተመ፤ በዚያን ዘመን የሕክምና ሳይንስ ቋንቋ ጀርመንኛ ነበርና።

አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው የሙከራው ቀላልነት ነው። ውድ መሣሪያ የለውም፤ ጥንቸል፣ ዘይት፣ የተጣራ ኮሌስትሮልና ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ከቀደሙት ሙከራዎች የሚበልጠው ግን አንድን ነገር ብቻ ለይቶ በማጣራቱና ያንን ነገር ያልበላ ቡድን ጎን ለጎን በማቆሙ ነው።

በግድግዳው ውስጥ ማን አለ?

አኒችኮቭ ቧንቧው መታመሙን አይቶ አላቆመም። ከ1912 ጀምሮ በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ከሉድቪግ አሾፍ ጋር ሠርቷል፤ አሾፍ በመላ ሰውነት የተበተኑትን በላተኛ ሕዋሳት እንደ አንድ ሥርዓት አድርጎ ያጠና ሰው ነው። አኒችኮቭም የጥንቸሎቹን ቧንቧ በየጊዜው እየከፈተ በሽታው በየደረጃው ምን እንደሚመስል መዘገበ።

መጀመሪያ የሚታየው በግድግዳው ውስጠኛ ሽፋን ሥር የተበተነ ጥቃቅን የስብ ጠብታ ነው። ስፍራውም እንዲያው የትም አይደለም፤ ቧንቧው የሚታጠፍበትና ቅርንጫፍ የሚያወጣበት ቦታ አስቀድሞ ይጎዳል። ቀጥሎ በስብ የታጨቁ ትልልቅ ሕዋሳት ይመጣሉ። የሕብረ ሕዋስ ናሙና በተለመደው መንገድ ሲዘጋጅ አልኮሉ ስቡን አሟሙቶ ስለሚያወጣው፣ የስቡ ቦታ ባዶ ቀርቶ ሕዋሱ በማይክሮስኮፕ የሳሙና አረፋ ይመስላል። አረፋ መሰል ሕዋሳት የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ስቡን በቦታው ለማየት ናሙናውን አቀዝቅዞ መቁረጥና ስብን ብቻ በሚያቀልም ቀለም መንከር ያስፈልጋል።

ዋናው ቁም ነገር እነዚህ አረፋ መሰል ሕዋሳት ምንድን ናቸው የሚለው ነበር። አኒችኮቭ ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን የሆኑ፣ ወደ ግድግዳው ዘልቀው ገብተው ስቡን የዋጡ በላተኞች አድርጎ አያቸው። ከእነርሱም ጋር ሊምፎሳይት የሚባሉትን ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ተመለከተ። በኋላ የግድግዳው ጡንቻና የጠባሳ ክር እየመጡ ስቡን ከላይ እንደ ክዳን ይሸፍኑታል። በዚህ አኳኋን ሮኪታንስኪም ፊርሾም በከፊል ልክ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ከደም የሚመጣ ነገር አለ፣ ግድግዳውም ዝም ብሎ አይቀበለውም።

ፕላክ በውኃ ቧንቧ ውስጥ እንደሚጋገር ዝቃጭ ነው የሚለው ምሳሌ እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ምሳሌው ቀላል ነው፤ ሆኖም ስሕተት ነው። ዝቃጭ የሚጋገረው በቧንቧው ውስጠኛ ገጽ ላይ ሲሆን፣ ፕላክ ግን የሚያድገው በግድግዳው ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ ሕዋሳት የሚገቡበት፣ የሚበሉበትና የሚሞቱበት ሕያው ሥጋ ነው። አኒችኮቭ ይህን አስቀድሞ አይቶታል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ አኒችኮቭ በሐኪምነት አገልግሏል። ከ1920 ጀምሮ በተማረበት አካዳሚ የፓቶሎጂካል ፊዚዮሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ በዚያው ከተማ ባለው የሙከራ ሕክምና ተቋምም የፓቶሎጂ ምርምርን መርቷል። የከተማዋ ስም ከሴንት ፒተርስበርግ ወደ ፔትሮግራድ፣ ከዚያም ወደ ሌኒንግራድ ሲለዋወጥ ምርምሩ ቀጠለ። በ1928 ጥንቸሎቹ ኮሌስትሮል መብላት ሲያቆሙ በቧንቧቸው ላይ ስላለው የመሻር ለውጥ ለጀርመን የፓቶሎጂ ማኅበር አቀረበ፤ የተከማቸው ስብ በዝግታ ሊቀንስ ይችላል፣ ጠባሳው ግን ይቀራል። በ1930 ስለ በላተኛ ሕዋሳት ሥርዓት መጽሐፍ አሳተመ። በ1933 ደግሞ በኒው ዮርክ በኤድመንድ ካውድሪ አዘጋጅነት ስለ ደም ወሳጅ ቧንቧ መድረቅ በታተመው ትልቅ ጥራዝ ውስጥ የጥንቸል ሥራውን ለእንግሊዝኛ አንባቢ የሚያስተዋውቅ ምዕራፍ ጻፈ።

ስለ መንስኤው ያለው አቋም ብዙ ጊዜ ከሚነገርለት የሰፋ ነበር። ኮሌስትሮል ከሌለ በሽታው አይመጣም ይል ነበር፤ ነገር ግን ኮሌስትሮል ብቻውን ሁሉን ይገልጻል አላለም። የደም ግፊት፣ የግድግዳው ቀድሞ መጎዳትና የሰውነት አጠቃላይ ሁኔታ ተደምረው የበሽታውን ፍጥነትና ቦታ ይወስናሉ የሚል የጥምር መንስኤ አስተሳሰብ ነበረው።

ተቃውሞ

ይህን ያህል ግልጽ ውጤት ለምን ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም? አንደኛው ምክንያት ጥንቸሏ ራሷ ናት። ጥንቸል ሣር በል እንስሳ ናት፤ በተፈጥሮ ምግቧ ውስጥ ኮሌስትሮል የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ብዙዎች ሣር በሉን እንቁላል አብልተህ ብታሳምመው ስለ ሰው ምን ይነግረናል ብለው ተቃወሙ። ሌሎች ሙከራውን በአይጥና በውሻ ሲደግሙት ቧንቧዎቹ ደኅና ሆኑ፤ ይህም ተቃውሞውን አጠነከረው።

ዛሬ መልሱ ይታወቃል። አይጥና ውሻ ትርፉን ኮሌስትሮል በጉበታቸው ወደ ሐሞት አሲድ በፍጥነት ስለሚለውጡት፣ የቱንም ያህል ቢበሉ በደማቸው ውስጥ ብዙም አይጨምርም። ጥንቸል ይህ ችሎታ ስለሌላት ኮሌስትሮሉ በደሟ ይከማቻል። የሚጎዳው በሆድ ያለው ሳይሆን በደም ያለው ነው። በ1946 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የውሻን የእንቅርት ዕጢ ሥራ በመድኃኒት አድክመው ኮሌስትሮል ሲመግቡት የደም ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ውሻውም ታመመ።

ሁለተኛው ምክንያት ዘመኑ ነው። በሽታው የእርጅና ዕጣ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነበር፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶችና የሩሲያ አብዮትም የሳይንቲስቶችን ግንኙነት ቆራርጠውታል። በዚህም አኒችኮቭ በአገሩ ታላቅ ሰው ሆኖ ሳለ በምዕራቡ ዓለም ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። በ1950 ጆን ጎፍማን በካሊፎርኒያ ኮሌስትሮልን በደም ውስጥ የሚሸከሙትን ቅንጣቶች በፈጣን ማሽከርከሪያ መሣሪያ ለይቶ ከልብ በሽታ ጋር ሲያያይዝ የሩሲያውያኑን የጥንቸል ሙከራ ይዞ ነበር የተነሳው። በ1958 አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ዶክ የአኒችኮቭን ሥራ ዊልያም ሃርቪ የደምን ዝውውር ካስረዳበት ሥራ ጋር በማዕረግ አስተካክሎ ጽፏል። ጥንቸሎቹ ከታመሙ 45 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ሹመትና የኋላ ዘመን

አኒችኮቭ በ1939 የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1942 የስታሊን ሽልማት ተሰጠው፤ በጦርነቱ ጊዜም የሕክምና አገልግሎት ሌተናንት ጄኔራል ማዕረግ አገኘ። ከ1946 እስከ 1953 የሶቪየት ኅብረት የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበር።

እነዚህ ሰባት ዓመታት ለአገሪቱ ሳይንስ ክፉ ዘመን ነበሩ። በነሐሴ 1948 የትሮፊም ሊሴንኮ ወገኖች የዘር ውርስ ሳይንስን በይፋ አስወገዙ፤ በ1953 መጀመሪያ ደግሞ ስመ ጥር ሐኪሞች መሪዎችን ሊገድሉ አሲረዋል ተብለው በይፋ በሐሰት ተከሰሱ። የሕክምና አካዳሚው ፕሬዚዳንት ከዚህ ሁሉ ርቆ ሊቀመጥ አይችልም ነበር። ከፕሬዚዳንትነቱ ከወረደ በኋላ በሌኒንግራድ በሙከራ ሕክምና ተቋም ምርምሩን እስከ መጨረሻው ቀጠለ። በዲሴምበር 7 ቀን 1964 በዚያው ከተማ በ79 ዓመቱ አረፈ።

ከሞቱ በኋላ የታወቀው

አኒችኮቭ በሞተበት ዘመን የተመራማሪዎች ዓይን ከመከላከያ ሕዋሳት ርቆ ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አብዛኞቹ ትኩረታቸውን በግድግዳው ጡንቻ ሕዋሳት ላይ አድርገው፣ አረፋ መሰሎቹም በአብዛኛው ከጡንቻ የመጡ ናቸው ይሉ ነበር። ነገሩ የተቀየረው ቀስ በቀስ ነው። በ1979 ጆሴፍ ጎልድስቲንና ማይክል ብራውን ማክሮፌጆች የተበላሸውን የኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣት (ኤልዲኤል) የሚይዙበት የተለየ መቀበያ እንዳላቸው አሳዩ። ይህ መቀበያ ሕዋሱ በኮሌስትሮል ቢሞላም አይዘጋም። ማክሮፌጁ በቃኝ ማለት ስለማይችል አረፋ እስኪመስል ይበላል። በ1981 ሮስ ጌሪቲ በአሳማዎች ላይ ሞኖሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት በቧንቧው ሽፋን መካከል ሾልከው ሲገቡ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳየ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስዊድናዊው ዮራን ሃንሶንና ባልደረቦቹ በሰው ፕላክ ውስጥ ቲ ሊምፎሳይቶች መኖራቸውን አረጋገጡ።

ዛሬ የሚታወቀው የበሽታው ጉዞ በአጭሩ እንዲህ ነው። በደም ውስጥ የበዛው ኤልዲኤል ወደ ግድግዳው ሾልኮ ገብቶ እዚያ ይያዛል፤ በኦክስጅን ተጠቅቶም ይበላሻል። የቧንቧው ሽፋን እንደ ተጎዳ አካል ነጭ ሕዋሳትን የሚያጣብቁ ሞለኪውሎች ያወጣል። ሞኖሳይቶች ተጣብቀው ይገባሉ፣ ወደ ማክሮፌጅ ተለውጠው የተበላሸውን ስብ ይውጣሉ። ሥራቸው በመጀመሪያ ጽዳት ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ስቡ መምጣቱን ካላቆመ አጽጂዎቹ ራሳቸው ሞልተው ይሞታሉ፣ ሬሳቸውም በፕላኩ መሀል ይከማቻል። ገንፎ መሰሉ ነገር በአብዛኛው የእነርሱ ቅሪት ነው። ቲ ሊምፎሳይቶች በሚያወጡት መልእክት ማክሮፌጆችን ይበልጥ ያስቆጣሉ፤ የጡንቻ ሕዋሳትም የክዳኑን ክር እንዳይሠሩ ያግዳሉ። የተቆጡት ማክሮፌጆች ክሩን የሚያቀልጡ ኢንዛይሞች ያመነጫሉ። ክዳኑ ሲሳሳ ይቀደዳል፣ ደም በተቀደደው ላይ ይረጋል፣ የልብ ምት የሚባለው አደጋም ይደርሳል። ሁሉም የመከላከያ ሕዋሳት እሳት አያቀጣጥሉም፤ ቁጣውን የሚያበርዱ ቲ ሊምፎሳይቶችም አሉ።

አሜሪካዊው ራስል ሮስ በ1999 አተሮስክለሮሲስ የብግነት በሽታ መሆኑን የሚያስረዳ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ በሰው ላይ የተፈተነው በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት ነው። ከዚህ በፊት የልብ ምት የደረሰባቸውና የብግነት ምልክት የታየባቸው 10,061 ታካሚዎች ተሳትፈውበታል። ካናኪኑማብ የተባለው መድኃኒት ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባለውን የማክሮፌጆች የብግነት መልእክተኛ ይዘጋል፤ በደም ያለውን ኤልዲኤል ግን አይነካም። በመካከለኛው መጠን የወሰዱት ታካሚዎች የልብና የአንጎል አደጋ በ15 በመቶ ቀነሰላቸው። በሌላ በኩል ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን በመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች ዘንድ በመጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የተዘጋው የሰውነት ዘበኛ ነውና። መድኃኒቱ ለልብ በሽታ ሳይፈቀድ ቀረ። ስለዚህ የሕክምናው ዋና መንገድ እስካሁን የኮሌስትሮሉን መጠን መቀነስ ነው፤ ለዚህ የሚውሉት ስታቲኖች በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀዱት በ1987 ነው።

የስሙ አጻጻፍ

አኒችኮቭ ወጣት ሳለ በጀርመንኛ ያሳተማቸው ጽሑፎች ስሙን በጀርመንኛ ፊደል አጻጻፍ የያዙ ሲሆን፣ በኋላ ከሩሲያኛ በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ የተገለበጠው አጻጻፍ ከዚያ ይለያል። ስለዚህ በላቲን ፊደል ስሙ በሁለት መልክ ይገኛል። የልብ ሕዋሳቱ በስሙ ሲጠሩ የሚጻፉት ብዙውን ጊዜ በቀድሞው የጀርመንኛ አጻጻፍ ነው። አንዳንድ ተማሪዎችም የሩማቲክ ልብ ሕዋሳት ባለቤትና የጥንቸሎቹ ሙከራ ባለቤት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስሏቸዋል።